ሀዋሳ ላይ ተበትነው የቀሩ የሥራ ትንተናና የሰው ኃይል ጥናቶችን በኢንተርኔት ማኅደር ማሰባሰብ፦ ዝርዝር መመሪያ

መጀመሪያ የከተማዋን ስም ተመልከቱ፦ ሀዋሳ፣ ሐዋሳ፣ ሃዋሳ፣ አዋሳ። አራቱም በጥናት ሽፋን ላይ ታትመው ይገኛሉ። «ሥራ» የሚለው ቃልም በንጉሡ «ሠ» እና በእሳቱ «ሰ» ይጻፋል። ማኅደሩ ይህን ካላወቀ፣ «የስራ ትንተና» (አንድ የሥራ መደብ ምን እንደሚሠራና ምን ችሎታ እንደሚጠይቅ የሚለይ ጥናት) ብሎ የሚፈልግ የሰው ሀብት ባለሙያ «የሥራ ትንተና» ተብሎ የተመዘገበውን ሁሉ አያገኝም። የለም ብሎ ይሄድና ያለቀውን ጥናት እንደ አዲስ ያስጠናል። ስለዚህ እዚህ የሚበዛው ወሬ ስለ ሰርቨር ሳይሆን ስለ አመዘጋገብ ነው። ሰርቨር በሳምንት ይተከላል፤ 500 ጥናት ከተመዘገበ በኋላ አመዘጋገብ ማረም ግን ወራት ይበላል።

አንደኛ፦ ከመቃኘት በፊት መቁጠር

ስካነር ከመግዛታችሁ በፊት የት ምን እንዳለ በአንድ የኤክሴል ሠንጠረዥ መዝግቡ። ሀዋሳ ለረጅም ጊዜ የቀድሞው ደቡብ ክልል መቀመጫ ስለነበረች የክልሉ ቢሮዎች ጥናት እዚህ ተከማችቶ ነበር። ሲዳማ በሰኔ 2012 ክልል ሆነ፤ በነሐሴ 2015 ደግሞ የቀረው ተከፍሎ የማዕከላዊ ኢትዮጵያና የደቡብ ኢትዮጵያ ክልሎች ተመሠረቱ። ቢሮዎቹ ወደ ሆሳዕና፣ ወላይታ ሶዶና ሌሎች ከተሞች ሲሄዱ ከፊሉ ሰነድ አብሮ ተጫነ፣ ከፊሉ መጋዘን ቀረ። አንዱ ጥናት ሀዋሳ፣ አባሪው ሌላ ከተማ ሊሆን ይችላል። ሠንጠረዡ ላይ «አባሪ አለ/የለም» የሚል ዓምድ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ የሥራ ትንተና ያለ መጠይቁና ያለ የሥራ ዝርዝሩ ግማሽ ሰነድ ነው።

የሚገቡት አራት ዓይነት ናቸው፦ የማስተርስና የዶክትሬት ጽሑፎች፣ መሥሪያ ቤቶች ያስጠኗቸው (በመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ ጊዜ የተሠሩት፣ የነጥብ የሥራ ምዘና ወይም ብዙዎች ጄ.ኢ.ጂ የሚሉት)፣ በፋብሪካና በኢንዱስትሪ ፓርክ የተደረጉ የሥራ ጥናቶች፣ እና በጆርናል የወጡ መጣጥፎች። ሰርኩላርና የሠራተኛ የግል ማኅደር (ፋይል) አይገቡም። የግል ማኅደር «ለጥናት ይጠቅማል» ተብሎ ከሳጥን ጋር ከመጣ በዚያው ቀን መልሱት።

በእያንዳንዱ ጥናት ዘንድ ሲዲ ካለ ለብቻው ምልክት አድርጉ። በርካታ የመመረቂያ ጽሑፎች በኋላ ሽፋናቸው ውስጥ ሲዲ ተለጥፎባቸው ነው የተረከቡት። ሲዲ ከወረቀት ቀድሞ ይሞታል፤ አዲስ ላፕቶፕ ደግሞ ማንበቢያ የለውም። በዩኤስቢ የሚሰካ የዲቪዲ ማንበቢያ ግዙና ከሁሉ በፊት ሲዲዎቹን ገልብጡ። አንዱ ማንበቢያ ያልቻለውን ሌላ፣ በተለይ አሮጌ፣ ሊያነበው ስለሚችል በአንድ ሙከራ አትጣሉት። ስትገለብጡ ፒዲኤፉን ብቻ ሳይሆን ያለውን ሁሉ ውሰዱ፤ የኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ፕሮግራም) ዳታና ባዶው መጠይቅ የሚገኘው እዚያ ነው።

ሁለተኛ፦ ፈቃድና የሰው ምስጢር

በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የቅጂ መብት የደራሲው ዕድሜና ከዚያ በኋላ 50 ዓመት ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ መኖሩ በኢንተርኔት ለመልቀቅ ፈቃድ አይሆንም። አንድ ገጽ የፈቃድ ቅጽ አዘጋጁ፤ አራት ነገር ብቻ ይበቃዋል፦ የጽሑፉ ርእስ፣ ሙሉው ይለቀቅ ወይስ ማጠቃለያው ብቻ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ፊርማና ቀን። ባለቤቱ እስኪገኝ ርእሱንና ምዝገባውን አሳዩ፣ ፋይሉን ዝጉ። መሥሪያ ቤት ያስጠናውን ደግሞ ከመሥሪያ ቤቱ በደብዳቤ ጠይቁ፤ አማካሪው «እኔ ጽፌዋለሁ» ማለቱ አይበቃም።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደው የግል መረጃ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ጉዳዩ የጨዋነት ብቻ አይደለም። ጥናቱ ስም ባይጠራም ሰው ሊጋለጥ ይችላል፤ «የወረዳው ብቸኛ ኦዲተር ከሥራ ሰዓቱ ግማሹን ያባክናል» የሚል ዓረፍተ ነገር ስም ከመጥራት አይተናነስም። መደቡ ላይ ያለው ሰው አንድ ወይም ሁለት ከሆነ ወረዳውን ሸፍኑ ወይም አባሪውን ዝጉ። የሥራ አፈጻጸም ነጥብ፣ የፔሮል ገጽ፣ የሞላ መጠይቅ፣ የደረጃ ዕድገት ፈተና ጥያቄ፣ እነዚህ አራቱ በምንም ምክንያት ክፍት አይሆኑም። ፈተናው አንዴ ከወጣ ደግሞ ሁለተኛ አይፈትንም።

ስትሸፍኑ ተጠንቀቁ። ፒዲኤፍ ላይ ጥቁር ሣጥን መሳል ስሙን አያጠፋውም፤ ከሥር እንዳለ ይቀራል። በማጥፊያ መሣሪያ አጥፉ ወይም ገጹን ወደ ምስል ቀይራችሁ መልሱ፤ ከዚያ የተሸፈነውን ቦታ መርጣችሁ ኖትፓድ ላይ ለጥፉ። ፊደል ከወጣ አልተሸፈነም።

ሦስተኛ፦ መቃኘት

መጀመሪያ ደራሲውን ሶፍት ኮፒ ጠይቁ፤ ካለው ስካነሩን እርሱት። ከሌለው እንዲህ ነው፦ 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ)፣ ግራጫ፣ ቲፍ (ጥራቱን የማይቀንስ የምስል ፋይል)። በስቴንስል የተባዛ፣ በካርቦን የተገለበጠ ወይም የግርጌ ማስታወሻው ደቃቅ ከሆነ 400።

ጥቁርና ነጭ ብቻ አድርጎ መቃኘት ፋይል ያሳንሳል፣ ፊደሉን ግን ይበላል። በ«ሰ» እና በ«ሱ» መካከል ያለችው ልዩነት አንዲት ጭረት ናት፤ የደበዘዘ ወረቀት ላይ እሷ ቀድማ ትጠፋለች። በላቲን ፊደል ነጥብ ቢጠፋ ቃሉ ይነበባል፤ በእኛ ፊደል ጭረት ከጠፋ ሌላ ቃል ይሆናል።

ቦታውን አስቀድማችሁ አስሉ። አንድ ኤ4 ገጽ በ300 ዲፒአይ 2480 በ3508 ነጥብ ነው፤ በግራጫ ሳይጨመቅ 8.7 ሜጋባይት ያህል። 120 ገጽ ያለው ጽሑፍ 1 ጊጋባይት አለፈ ማለት ነው፤ 300 ጽሑፍ 313 ጊጋባይት ገደማ። በቀለም ከቃኛችሁ ሦስት እጥፍ ነው፤ ቀለም ለቀለም ግራፍ ብቻ ይሁን። ለአንባቢ የሚለቀቀው ፒዲኤፍ-ኤ (ለረጅም ጊዜ ማቆያ የተዘጋጀው የፒዲኤፍ ዓይነት) ግን ከ5 ሜጋባይት አይብለጥ። ጉግል ስኮላር ከዚያ የሚበልጥ ፋይል እንዳይኖር ይጠይቃል፤ በሞባይል ዳታ የሚያወርደውም ሰው ያመሰግናችኋል።

በጠንካራ ሽፋን የተጠረዘውን አትቁረጡት። ወደ ጥርዙ የሚጠጋው ጽሑፍ እንዳይጣመም በመስታወት ተጭናችሁ ከላይ በካሜራ አንሱ። ስቴፕል ያለውን በጠፍጣፋ ማውጫ አንሱ፤ በጥፍር ከሳባችሁት ጥጉ ይቀደዳል፣ የገጽ ቁጥሩም ብዙ ጊዜ እዚያው ጥግ ላይ ነው። መብራት ሲሄድ የሚጠፋው እየተጻፈ ያለው ፋይል ስለሆነ ስካነሩ እያንዳንዱን ገጽ ለየብቻ እንዲያስቀምጥ አድርጉ። የራሱ አዳፕተር ያለውን ውጫዊ ሃርድ ዲስክም ዩፒኤሱ (መብራት ሲሄድ የሚያቆየው ባትሪ) ላይ ሰኩት፤ ኮምፒውተሩን ብቻ ሰክቶ ዲስኩን ግድግዳ ላይ መተው የተለመደ ስህተት ነው።

የፋይል ስም በአኃዝ ብቻ ይሁን፦ ዓመት፣ ሰረዝ፣ ተራ ቁጥር፣ እንደ 1999-0037። በአማርኛ የተሰየመ ፋይል በአንዳንድ አሮጌ የዚፕ ፕሮግራም ውስጥ ሲያልፍ ስሙ ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣል፤ 200 ፋይል ተመሳሳይ ጥያቄ ምልክት ሲሆን የቱ የቱ እንደሆነ ከፍቶ ከማየት ውጭ መንገድ የለም።

አራተኛ፦ የድሮ ፊደልና ኦሲአር

የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በፈረንጆች 1999 ነው፤ ከዚያም በኋላ ለዓመታት ቢሮዎች በቪዥዋል ግዕዝና በፓወር ግዕዝ አሮጌ ኮድ ሲጽፉ ቆይተዋል። እንዲህ ያለ ፋይል ፊደሉ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ቆንጆ ሆኖ ይታያል፤ ሌላ ቦታ የላቲን ምልክት ዝርክርክ ነው። ወደ ፒዲኤፍ ቢለወጥም ለዓይን እንጂ ለፍለጋ አልዳነም። ፈተናው አንድ ነው፦ አንድ አንቀጽ ኮፒ አድርጋችሁ ኖትፓድ ላይ ለጥፉ። አማርኛ ከወጣ ደህና ነው። ካልወጣ ፊደሉ ያለበት ማሽን ላይ ወደ ፒዲኤፍ አትሙት፣ ገጾቹን ወደ ምስል ቀይሩ፣ ከዚያ እንደ ማንኛውም የተቃኘ ወረቀት ኦሲአር አድርጉት፤ ማለትም ፕሮግራም ምስሉን አንብቦ ወደሚፈለግ ጽሑፍ ይቀይረው።

ለኦሲአር ነፃው ቴሰራክት አማርኛ ያነባል። አማርኛና እንግሊዝኛን አንድ ላይ ምረጡለት፤ ጥናቶቹ ሠንጠረዣቸው እንግሊዝኛ፣ ሐተታቸው አማርኛ ስለሆነ አንዱን ብቻ ከመረጣችሁ ሌላው ይበላሻል። ውጤቱን ከሙሉው ጽሑፍ ጋር ለማረም አትሞክሩ፣ አያልቅም። ርእሱን፣ ማጠቃለያውንና ማውጫውን በእጅ አርሙ፤ ከውስጥ ሦስት ገጽ መርጣችሁ አወዳድሩ። ከእያንዳንዱ አሥር ቃል ሁለት ሦስቱ ከተሳሳተ ችግሩ ከስካኑ ነውና ያንን ድገሙት።

አምስተኛ፦ ምዝገባ

ማኅደሩ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ቦታ የሚመዘገበው ርእስ፣ ስም፣ ዓመት ነው። የሥራ ትንተና የሚፈልግ ሰው ግን ደራሲ አይፈልግም፤ «ስለዚህ የሥራ መደብ ማን ምን አጥንቷል፣ በምን ዘዴ» ነው የሚለው። ስለዚህ ከተለመዱት የደብሊን ኮር (ማኅደሮች በጋራ የሚጠቀሙበት የምዝገባ ደረጃ) መስኮች በተጨማሪ አምስት መስክ ጨምሩ፦ የሥራ መደብ፣ የሙያ ኮድ፣ የመረጃ አሰባሰብ ዘዴ፣ የተጠኑ ሠራተኞች ብዛት፣ መጠይቁ አብሮ አለ ወይስ የለም።

የሥራ መደቡን ጥናቱ እንደጻፈው ጻፉ፤ ከጎኑ የዓለም አቀፉን የሥራ ድርጅት የሙያ ምደባ፣ ኢስኮ-08፣ ባለ አራት አኃዝ ኮድ አስገቡ። 10 ዋና ምድብ፣ 436 ዝርዝር ምድብ አለው። ጥቅሙ ስም ሲለዋወጥ ይታያል። በአንዱ ዘመን «ዳክቲሎ»፣ በሌላው «ታይፒስት» የተባለችው ሁለቱም 4131 ናት። «ዘበኛ» እና «የጥበቃ ሠራተኛ» 5414 ላይ ይገናኛሉ። በተቃራኒው «ነርስ» የሚል አንድ ስም ሁለት ኮድ ይፈልጋል፤ ባለ ዲግሪዋ 2221፣ ረዳቷ 3221። «ሂሳብ ሠራተኛ» ስትሉም ቆም በሉ፤ አካውንታንት 2411፣ መዝገብ የሚይዘው ደግሞ 4311 ነው። ርእሱን ብቻ አይቶ ኮድ የሚሰጥ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ተፈላጊ ችሎታ የሚለውን ሠንጠረዥ ይክፈት።

ዘዴውን ከዝግ ዝርዝር አስመርጡ፦ ምልከታ፣ ቃለ መጠይቅ፣ መጠይቅ፣ የሥራ ማስታወሻ፣ የቡድን ውይይት፣ የወሳኝ ክስተት ዘዴ (ፍላናጋን በፈረንጆች 1954 ያወጣው)፣ የተግባር ዝርዝር ቆጠራ፣ የነጥብ ምዘና። ነፃ ጽሑፍ ከፈቀዳችሁ በስድስት ወር ውስጥ «ኢንተርቪው»፣ «ቃለመጠይቅ»፣ «ቃለ-መጠይቅ» የሚሉ ሦስት ዘዴዎች ይኖሯችኋል።

ዓመቱ ወጥመድ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ጽሑፍ ሽፋኑ ላይ «ጁን 2008» ካለ ሰኔ 2000 ዓ.ም. ነው፤ በአማርኛ «ሰኔ 2008» ያለው ግን በፈረንጅ 2016 ነው። በሁለቱ መካከል ስምንት ዓመት አለ። ለማሽኑ የፈረንጁን፣ ለአንባቢው የእኛን አቆጣጠር በሁለት መስክ መዝግቡ፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ትደምራላችሁ። ሽፋኑ ካልለየ ውስጡ ይናገራል። የፌዴራል ሲቪል ሰርቫንቶች አዋጅ 1064/2010ን የሚጠቅስ ጽሑፍ ከ2010 ዓ.ም. በፊት አልተጻፈም። ሥራ ስለጀመረው የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚያወራ «2008» በፈረንጅ ሊሆን አይችልም፤ ፓርኩ የተመረቀው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው። ሽፋኑ «ደቡብ ዩኒቨርሲቲ» ካለ ደግሞ የዛሬው ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ስሙን ሳይለውጥ የወጣ ነው። ሌላው መደናገር፣ 515/1999 እና 515/2007 ሁለት አዋጅ አይደሉም፤ አንዱ በሁለት አቆጣጠር የተጠቀሰ ነው።

ስም ላይ ፕሮግራሙ «የቤተሰብ ስም» ሲጠይቃችሁ አትታዘዙት። አበበ ከበደ «ከበደ፣ አበበ» ተብሎ ከተመዘገበ አባትየው ደራሲ ሆኑ። ስሙ በራሱ ቅደም ተከተል፣ ሳይነጠል ይግባ።

የተሞላ መዝገብ ለናሙና ይህን ይመስላል (ለማሳያ የተሠራ ነው)፦

ርእስ፦ በልብስ ፋብሪካ የስፌት ማሽን ኦፕሬተሮች የሥራ ትንተና
የሥራ መደብ፦ የስፌት ማሽን ኦፕሬተር
ኮድ፦ 8153
ዘዴ፦ ምልከታ፤ የተግባር ዝርዝር ቆጠራ
የተጠኑ፦ 64
መጠይቅ፦ አለ፣ አባሪ 2
ቀን፦ 2016-06፤ ሰኔ 2008 ዓ.ም.
ቁልፍ ቃል፦ ሥራ ትንተና፤ ስፌት፤ ሥልጠና ፍላጎት
ፈቃድ፦ ሙሉ፤ አባሪ 4 ዝግ

ቁልፍ ቃሉ «የሥራ» ሳይሆን «ሥራ» እንደሚል ልብ በሉ። ፍለጋው ከፊት የተለጠፈውን «የ»፣ «በ»፣ «ለ» መንቀል አያውቅም፤ በኮድ ልንቀል ካላችሁ «የካቲት»ን «ካቲት» ያደርገዋል። ቁልፍ ቃልን ያለ መነሻ ፊደል መጻፍ ቀላሉ መፍትሔ ነው።

ስድስተኛ፦ ፕሮግራሙና ፍለጋው

ከ100 ጥናት በታች ካላችሁና የሰርቨር ባለሙያ ከሌላችሁ ዲስፔስን (በራሳችሁ ሰርቨር ላይ የሚተከል የማኅደር ፕሮግራም) አትትከሉ። የአውሮፓው የኑክሌር ምርምር ማዕከል ሰርን የሚያስተዳድረው ዜኖዶ በነፃ ይቀበላል፤ በአንድ መዝገብ እስከ 50 ጊጋባይት፣ ቋሚ መለያ ቁጥር ጭምር። ጉዳቱ የራሳችሁን መስኮች እንደልብ መጨመርና የፍለጋውን ፊደል ማስተካከል አለመቻሉ ነው።

ዲስፔስ ነፃ ነው፤ ከሰባተኛው ስሪት ወዲህ ግን የፊት ገጹና የኋላው ክፍል ተለያይተው ስለሚሠሩ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራም ስጡት። ሲተከል ሦስት ነገር ወዲያው ለውጡ። አንደኛው የደራሲ መስክ ነው፤ በማስገቢያ ቅጾቹ ፋይል ውስጥ ዓይነቱን ከ«ኔም» ወደ «ዋንቦክስ» ስታዞሩት ስሙን መገልበጡን ይተዋል። ሁለተኛው የቋሚ አድራሻ ቁጥሩ ነው፤ ሲተከል 123456789 የሚል ጊዜያዊ ቁጥር ይዞ ይመጣል፣ ሳይለወጥ ሥራ የጀመረም ብዙ ማኅደር አለ። የራሳችሁን ቁጥር አስመዝግቡ፤ የዓመት ክፍያ ስላለው በጀት ላይ ይግባ።

ሦስተኛው ፍለጋው ነው። ሶልር በተባለው የፍለጋ ክፍል የስኪማ ፋይል ላይ የፊደል መለወጫ ማጣሪያ፣ ቃላት ከሚነጠሉበት መስመር በፊት አስገቡ። የለውጥ ዝርዝሩ አጭር ነው፦ የሐ፣ የኀ፣ የሠ፣ የዐ እና የፀ ሰባት ሰባት ፊደላት ወደ ሀ፣ ሀ፣ ሰ፣ አ እና ጸ፤ በተጨማሪ ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ። ሐን፣ ኀንና ዐን ስታዞሩ ራብዖቹን ሓ፣ ኃ እና ዓን በቀጥታ ወደ ግዕዙ ሀ እና አ ውሰዱ፤ ሃ ላይ ካቆማችኋቸው «ኃይል» እና «ሀይል» አይገናኙም። ድምሩ 37 መስመር ነው። ሁለት ነጥቧን «፡» ወደ ክፍት ቦታ የሚቀይር መስመርም ጨምሩ፤ የድሮ ጽሑፍ በእሷ ነው ቃል የሚለየው። «አዋሳ»ን ወደ «ሀዋሳ» ለብቻው አዙሩ፤ ይህ የፊደል ሳይሆን የስም ጉዳይ ነው።

አንድ ክፉ ልማድ ደግሞ አለ፦ ታይፒስቶች «ፕ»ን በ«ኘ» ይተካሉ፣ «ኘሮጀክት»፣ «ኘሮግራም»፣ «ኘላን»። «ኘ»ን በጅምላ ብታዞሩ «ተገኘ» ይበላሻል፤ «ኘሮ»ን ወደ «ፕሮ»፣ «ኘላን»ን ወደ «ፕላን» ግን ያለ ስጋት ማዞር ይቻላል።

ማጣሪያው በሁለት ቦታ ይግባ፤ ሲመዘገብም ሲጠየቅም። በአንዱ ብቻ ከገባ ፍለጋው ከበፊቱ ይብሳል፤ ማኅደሩ «ስራ» ብሎ አስቀምጦ አንባቢው «ሥራ» ብሎ ይጠይቀዋልና። ከዚያ ሶልርን አስነሱና መረጃ ጠቋሚውን ከባዶ አስገንቡት፤ ይህን የረሳ ሰው ማጣሪያው አልሠራም ብሎ ቀኑን ሙሉ ፋይሉን ሲያገላብጥ ይውላል።

ሰባተኛ፦ ቅጂ

ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ ከሀዋሳ ውጭ። ለእያንዳንዱ ቲፍ የሻ-256 አሻራ (ፋይሉ ከተለወጠ የሚለወጥ መለያ ቁጥር) አውጥታችሁ በጽሑፍ ፋይል አስቀምጡ፤ በየሦስት ወሩ አወዳድሩ። ያልተሸፈነው ዋና ቅጂ ከኢንተርኔት ጋር በማይገናኝ ዲስክ፣ የተቆለፈ ካዝና ውስጥ ይሁን።

ስምንተኛ፦ ከመክፈት በፊት

በ30 ጥናት ጀምሩ፤ ሲዲ ያለው፣ ስቴንስል፣ ቪዥዋል ግዕዝና የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ተቀላቅሎበት። ከዚያ ማኅደሩን ያልሠራ ሰው፣ ቢቻል የአንድ መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ባለሙያ፣ አስቀምጣችሁ ከኋላው ሳትናገሩ ተመልከቱ። «ስራ ትንተና» እና «ሥራ ትንተና» እኩል ቁጥር ያምጡ። 8153 ሲጻፍ የስፌት ጥናቶቹ ይውጡ። «ሐዋሳ» እና «አዋሳ» አንድ ይሁኑ። የተዘጋውን አባሪ ለመክፈት ይሞክር፤ ከተከፈተለት ማኅደሩ ገና አልተዘጋጀም። በመጨረሻ ስልኩን አውጥቶ በሞባይል ዳታ አንድ ፒዲኤፍ ያውርድ፤ ስንት ደቂቃ እንደፈጀበት በወረቀት ጻፉ።